ያለ እህል ዱቄት የኦቾሎኒ ኩኪስ፦ ሊጡ ይነጠፋል፣ ከላይ የተነሰነሰው ጨው ይጠፋል

የጉለሌ ምድጃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስንዴም፣ ጤፍም፣ በቆሎም፣ ሩዝም የሌለበት፣ ጣፋጩና ጨዋማው እኩል የሚሰማ ኩኪስ ለመጋገር ነው። የምሠራበት ልክ ይኸው፦ ቤት የተፈጨ ኦቾሎኒ 250 ግራም (ጨውም ስኳርም የለበትም)፣ ማር 150 ግራም፣ እንቁላል 1፣ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የገበታ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ። ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ 180 ዲግሪ፣ 12 ደቂቃ። ቦታው አዲስ አበባ።

የሚያጋጥመው ችግር፦ ኳስ ሆኖ የገባው ሊጥ እንደ ቂጣ ተነጥፎ ይወጣል። ታቹ ያርራል፣ መሐሉ ግን አይበስልም። ትኩሱን ሲያነሱት ይፈረፈራል፣ በማግስቱ ደግሞ ረጥቦ ይለሰልሳል። ከላይ የምነሰንሰው ጨው ከነጭራሹ አይታይም፣ ጥርስ ላይም አይሰማም።

በዚያው ሦስት ነገር ልጨምር። ለጾም በእንቁላል ፋንታ ምን ይገባል? የሽሮ ዱቄት ይሆናል ወይ? ከሚበሉት መካከል ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለባት ልጅ ስላለች መጠንቀቅ ያለብኝ ምን ላይ ነው?

ሚዛን በእጄ

እህቴ፣ የችግሩ ሁሉ ሥር አንድ ነው። ኦቾሎኒ ዱቄት አይደለም፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። የስንዴ ሊጥ ግሉተኑና ስታርቹ ውሃውንም ቅባቱንም ይዘው ያቆሙታል። እዚህ ሊጥ ውስጥ ያን ሥራ የሚሠሩት እንቁላሉና ስኳሩ ብቻ ናቸው። አንቺ ደግሞ ስኳሩን በሙሉ በማር ተክተሻል።

ማር ከክብደቱ 17 ወይም 18 በመቶው ውሃ ነው። 150 ግራም ማር ስትጨምሪ 25 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ገባ ማለት ነው፤ ግማሽ እንቁላል እንደመጨመር ነው። ለዚህ ነው የሚነጠፈው። በማር ውስጥ ያለው ስኳር ከነጭ ስኳር ይልቅ ቶሎ ይጠቁራል፤ ታቹ የሚያርረው በዚህ ነው። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የማግስቱ መረጠብም ከዚያ ይመጣል። ማሩን ግን አታውጪው፣ መዓዛው ያስፈልጋል። መጠኑን ቀንሺው።

ለአዲስ አበባ የሚሆነው ልክ ይህ ነው፦ የተፈጨ ኦቾሎኒ 250 ግራም፣ ስኳር 110 ግራም፣ ማር 30 ግራም፣ አንድ መካከለኛ እንቁላል (ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ)፣ የተነፋ ደረቅ ቡላ 15 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ደቃቅ ጨው 3 ግራም፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ቡላ ከእንሰት የሚገኝ ስታርች እንጂ እህል አይደለም፤ ከዘይቱ ጋር የሚንሳፈፈውን ትርፍ ውሃ ይይዛል። ከ30 ግራም በላይ ከገባ የቡላው ሽታ ስለሚሰማና ኩኪሱም ስለሚደርቅ አይብዛ።

ሶዳውን በግማሽ የቀነስኩት በከፍታው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ከሶዳው የሚወጣው ጋዝ በጣም ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠና ይነሳና ተመልሶ ይወድቃል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። ሶዳ ሲበዛ ደግሞ የሳሙና ጣዕም ያመጣል፤ ያን ጣዕም ማርም ጨውም አይሸፍነውም።

አሠራሩ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ማቡካቱ ነው። ቤት የተፈጨ ኦቾሎኒ ካደረ ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ እስከ ታች ድረስ አማስዪው። መጀመሪያ ኦቾሎኒውን ከስኳሩና ከማሩ ጋር በእንጨት ማንኪያ አዋህጂ። ጨውን፣ ሶዳውንና ቡላውን ለብቻ ነፍተሽ ጨምሪ። እንቁላሉን በመጨረሻ ነው የምታስገቢው። እንቁላሉ ሲገባ ሊጡ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ የተበላሸ ይመስላል። ከ30 እስከ 40 ጊዜ ያህል ስታማስዪው በድንገት ይጠነክራል፣ ከሳህኑ ጎን ለቅቆ ማንኪያው ላይ ይሰበሰባል፣ ብልጭታውም ይደበዝዛል። እዚያው ላይ አቁሚ። ከዚያ በኋላ ካሸሽው ዘይቱ እንደገና ይወጣና ጣትሽ ያብረቀርቃል። ያ ከሆነ ዱቄት ፍለጋ አትሂጂ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረሽ ቀስ ብለሽ አማስዪው፣ ተመልሶ ይያያዛል። ትንሽ ውሃ በዘይት የተሞላ ልቁጥ ሲገባበት ያጠነክረዋል እንጂ አያቀጥነውም።

ሸፍነሽ 30 ደቂቃ ፍሪጅ። ከዚያ በ22 ግራም መጥኚው፣ 20 ኳስ ያህል ይወጣል። ትሪ ላይ ቤኪንግ ፔፐር አንጥፈሽ በ4 ሳንቲ ሜትር አራርቀሽ ደርድሪ፣ በሹካ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተጫኚው። ኦቨኑ አስቀድሞ 20 ደቂቃ ይሙቅ። 180 ዲግሪ፣ ከመሐል አንድ እርከን ከፍ ብሎ፣ ከ10 እስከ 11 ደቂቃ። ታቹ አሁንም የሚያርር ከሆነ ሁለት ትሪ ደራርቢ።

ሲወጣ ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ መሐሉ በጣት ሲነካ ለስላሳ መሆን አለበት። አልበሰለም ብለሽ አትመልሽው። ትሪው ላይ እንዳለ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ የሚያያዘው ስኳሩ ሲቀዘቅዝና ሲጠነክር ነው። ትኩሱን ካነሳሽው የማንም ሰው ኩኪስ ይፈረፈራል።

ጨው በሚዛን

ከላይ ያለው መልስ ሊጡን በደንብ አስረድቷል፤ እኔ ስለ ጨው ልናገር፤ ጥያቄው ጣፋጭና ጨዋማ ስለሚል።

ጨው እዚህ ኩኪስ ውስጥ ሁለት ቦታ ይገባል፤ ሥራውም ሁለት ነው። ሊጡ ውስጥ የሚገባው ደቃቅ ጨው መሟሟት አለበት። ጨዋማነት ለመስጠት ሳይሆን የኦቾሎኒውን ጣዕም አውጥቶ ስኳሩ አፍ እንዳያታክት ለማድረግ ነው። ጨዋማው ሆኖ የሚሰማው ከላይ የሚነሰነሰው ነው። እሱ ደግሞ ሳይሟሟ መድረስ አለበት፤ ምላስ ላይ ነው መሟሟት ያለበት።

የገበታ ጨው ደቃቅ ስለሆነ እርጥብ ሊጥ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይቀልጣል፤ ለዚህ ነው የጠፋብሽ። የሚያስፈልገው የሰሊጥ ፍሬን ግማሽ የሚያህል ድርቅ ያለ ጨው ነው። አገር ቤት ያልተፈጨ የአፋር ጨው ይገኛል። በሙቀጫ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ወቀጥ አድርጊና በወንፊት ንፊው። ከወንፊቱ ያለፈውን ብናኝ ለወጥ አስቀምጪ፣ ላይ የቀረውን ለኩኪሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም አሸዋ ካየሽ ልቀሚው፤ በጥርስ መሐል አሸዋ ማግኘት ድካሙን ሁሉ ያበላሻል። ወቅጠሽ ስትጨርሺ በሞቀ ምጣድ ላይ 2 ደቂቃ አድርቂው። የደረቀ ጨው በጣት ሲነሰነስ በየፍሬው ይወርዳል፤ የረጠበው ግን እየተጓጎለ አንዱ ኩኪስ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ላይ ያንሳል።

መጠን፦ ለ20 ኩኪስ ከላይ ከ2 እስከ 3 ግራም። በሦስት ጣት ጫፍ ትንሽ ቆንጠር ተደርጎ ከአንድ ክንድ ከፍታ ይነስነስ፤ ከቅርብ ሲነሰነስ አንድ ቦታ ይከመራል። በማንኪያ አትለኪው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ሲሆን፣ ውጭ አገር የሚሸጠው ቅርፊት መሳይ ጨው ግን በዚያው ማንኪያ ግማሹን ብቻ ይመዝናል። ከእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር የተቀዳ ልክ በገበታ ጨው ሲሠራ የሚጎመዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜው፦ በሹካ ከተጫንሽው በኋላ፣ ወደ ኦቨን ከመግባቱ ግማሽ ደቂቃ በፊት ነስንሰሽ በመዳፍሽ ሳስ አድርገሽ ተጫኚው። ነስንሰሽ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ከተውሽው ይቀልጣል። ከተጋገረ በኋላ ከነሰነስሽው ደግሞ አይጣበቅም፣ ሲነሳ ይረግፋል።

ጨዋማውን ከፍ ለማድረግ ለሚፈልግ፦ 40 ግራም ሰሊጥ በደረቅ ምጣድ መካከለኛ እሳት ላይ መጮህ እስኪጀምርና ወርቃማ እስኪሆን ቁላ፣ ወዲያው ሳህን ላይ ገልብጥ (ምጣዱ ላይ ከቀረ መቃጠሉን ይቀጥላል)፣ ሲበርድ 2 ግራም ደቃቅ ጨው ቀላቅልበት። ኳሶቹን በእንቁላል ነጭ ጠረግ አድርገህ ሰሊጡ ላይ አንከባልላቸው። የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሲቆላ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። በሰሊጥ ከተለበጠ ከላይ የሚነሰነሰውን ጨው ተው።

ተልባና ኮረሪማ

የጾሙ ጥያቄ ወደ እኔ ይምጣ። በአንድ እንቁላል ፋንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ (7 ግራም ያህል) ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር መትቶ 10 ደቂቃ ማስቀመጥ። ማንኪያ ሲነሳ እንደ እንቁላል ነጭ መጎተት አለበት። የማይጎተት ከሆነ ተልባው በደንብ አልተፈጨም፣ ወይም ከተፈጨ ቆይቷል። ለዚህ የሚሻለው ጥሬው ነው፤ የሚያጣብቀው እርሱ ነው፤ ለመዓዛ ብሎ በኃይል መቁላት አያስፈልግም። ውሃው ከእንቁላል ስለሚበልጥ ቡላውን ከ15 ወደ 25 ግራም አሳድጊ፣ ማሩን ትተሽ ስኳሩን 130 ግራም አድርጊ። የተልባው ኩኪስ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ከእንቁላሉ ይልቅ በቀላሉ ይሰበራል፣ ግን ኮርሸም ማለቱ ይበልጣል። 2 ደቂቃ ጨምሪለት።

ሽሮን በተመለከተ፦ የወጥ ሽሮ አይሆንም። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረትና ሌላም ቅመም አለበት፤ ባቄላና አተርም ይቀላቀልበታል። የሚሆነው ምንም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት ነው። ሽምብራ ጥራጥሬ ስለሆነ እህል አይባልም፤ ሆኖም ጥራጥሬም የማይበሉ ሰዎች ስላሉ ለእንግዳ ሲሆን መጠየቅ ደግ ነው።

በሽምብራ የሚሠራ በጣም የቆየ ኩኪስ አለ፤ ኢራኖች ናን ኖኮድቺ ይሉታል፣ ለዘመን መለወጫቸው ለኖውሩዝ ነው የሚያቀርቡት። አፍ ውስጥ እንደ በሶ ይቀልጣል። ልኩ፦ የሽምብራ ዱቄት 250 ግራም፣ የላመ ስኳር 100 ግራም፣ የቀለጠና የበረደ ቅባት 150 ግራም፣ ሄል 1 የሻይ ማንኪያ። ሄሉን በኮረሪማ መተካት ይቻላል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጨዋማውን ለማምጣት ደቃቅ ጨው 3 ግራም ሊጡ ውስጥ፣ ከላይ ደግሞ አንድ አንድ የተቆላና ጨው የነካው የኦቾሎኒ ክክ።

ዱቄቱ ጥሬ ከሆነ ጥሬ ባቄላ ይሸታል፣ መጋገሩም ሽታውን አያጠፋውም። ስለዚህ አስቀድሞ በሰፊ ድስት በዝቅተኛ እሳት፣ እጅ ሳይቋረጥ እያማሰሉ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ማመስ ያስፈልጋል። ቀለሙ ሳይቀየር የቆሎ ሽታ ሲመጣ አውጪ። ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ ሙቅ ዱቄት ቅባቱን አቅልጦ ሊጡን እንደ ወጥ ያቀጥነዋል። ሁለት ጊዜ በወንፊት ንፊው፤ የሽምብራ ዱቄት እንክብል ይሠራል፣ እንክብሉ ደግሞ ሳይበስል ይቀራል። ሊጡ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካረፈ በኋላ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጠሽ በትንሽ ቅርጽ ማውጫ ቁረጪ። 150 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። እሳቱን ከፍ ማድረግ ክልክል ነው፤ ይህ ኩኪስ የሚደርቀው ሳይቀላ ነው። እስኪበርድ ድረስ ጣት አይንካው።

የጉለሌ ምድጃ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቤኪንግ ሶዳ ስታጣ በቤኪንግ ፓውደር መተካት ይቻላል? ኦቨን ለሌለው ሰውስ በጋዝ ምድጃ ይሆናል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ አደራ። አብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ የበቆሎ ስታርች አለ፤ የስንዴ ስታርች ያለበትም ይኖራል። «ያለ እህል» ብሎ የጀመረ ሰው ሳያውቅ እህል የሚያስገባው እዚህ ላይ ነው። የላመ ስኳርም እንዲሁ፤ እንዳይጓጎል የበቆሎ ስታርች ይጨመርበታል። ከላይ ለተጻፈው የሽምብራ ኩኪስ ተራ ስኳር በብሌንደር አልማችሁ ተጠቀሙ፣ እንዳይጓጎል 1 የሻይ ማንኪያ ቡላ ጨምሩበት። ሶዳ ብቻ ይበቃል፤ ማሩ ውስጥ ያለው ትንሽ አሲድ ያነሳዋል። ማሩን ለተዉት ጾመኞች ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይግባ።

ለሴሊያክ ልጅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እህል ግን ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ንጹሕ ጤፍ ይበላል፤ «ያለ እህል» የሚመገብ ሰው ግን ጤፍም አይበላም። ለልጅቷ አደገኛው ከወፍጮ ቤት የሚመጣ ዱቄት ነው። ቀድሞ ስንዴ ወይም ገብስ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ የእርሷ ሽምብራ ወይም ቡላ ቢፈጭ የሚቀላቀለው ብናኝ ይበቃታል። ሽምብራውን ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ቤት ውስጥ በደረቅ መፍጫ ፍጩላት። የእንጨት ማንኪያና ወንፊት የዱቄት ብናኝ ይዞ ስለሚቀር ለእርሷ የተለየ ይሁን።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ሌላ መንገድ አለ፤ የአልመንድ ዱቄት። (በአማርኛ «ለውዝ» የሚለው ቃል ለኦቾሎኒም ለአልመንድም ስለሚያገለግል፣ «የለውዝ ዱቄት» የሚል አሠራር ስታዩ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለ ቀልድ አይደለም።) ልኩ፦ ገለፈቱ የወጣለት የአልመንድ ዱቄት 200 ግራም፣ የካሳቫ ስታርች 20 ግራም፣ ቡናማ ስኳር 80 ግራም፣ የቀለጠ የገበታ ቅቤ 60 ግራም፣ እንቁላል 1፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው 2 ግራም፣ የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት 80 ግራም። 1 ሰዓት ፍሪጅ፣ 175 ዲግሪ (በፋራናይት 350)፣ ከ11 እስከ 12 ደቂቃ።

ለጨዋማው እዚህ አሜሪካ ሰዉ ፕሬትዝል ይከትበታል፤ ፕሬትዝል ግን ስንዴ ነው። በእርሱ ፋንታ የድንች ቺፕስ 40 ግራም በእጅ ሰባብሮ መጨመር ነው። ጨው፣ ዘይትና ድንች ብቻ የሆነውን ምረጡ፤ ጣዕም የተጨመረበት ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የበቆሎ ነገር አለበት። ቺፕሱ የሚገባው ሊጡ ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ረጥቦ ድንች ይሆናል። ግማሹን ከውስጥ፣ ግማሹን ከላይ ተጫኑት። ቺፕሱ ጨዋማ ስለሆነ ከላይ ሌላ ጨው አይነስነስ።

ጨው በሚነሰነስበት ጊዜ ላይ ከ«ጨው በሚዛን» ትንሽ እለያለሁ። ቸኮሌት ባለበት ኩኪስ ላይ ከኦቨን እንደወጣ መነስነስ ነው የሚሻለው፤ የቀለጠው ቸኮሌት ጨውን ይዞ ይጠነክራል፣ አይረግፍም፣ ዘይታማ ስለሆነም አያሟሟውም። ቸኮሌት የሌለው ላይ ግን የተባለው ልክ ነው።

የኮኮናት ዱቄትን በአልመንድ ቦታ ልክ በልክ እንዳትተኩ። ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ሊጡ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ለ100 ግራም አልመንድ የኮኮናቱ 25 ግራም ይበቃል፣ ያውም አንድ እንቁላል ተጨምሮበት።

ሚዛን በእጄ

በጨው ጊዜው እስማማለሁ፣ ለቸኮሌቱ ልክ ነው።

የጋዝ ምድጃውን ልመልስ። ወፍራም ድስት ከእነ ክዳኑ ያስፈልጋል፤ ስስ አልሙኒየም ከሆነ ታቹን ያነደዋል። ድስቱ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ዝቅ ያለ የብረት ማስቀመጫ ወይም ሦስት ትናንሽ ንጹሕ ጠጠር አድርጊ፤ ኩኪሱ የተደረደረበት ሳህን ከድስቱ ወለል 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ባዶውን ከድነሽ 10 ደቂቃ በመካከለኛ እሳት አሙቂ፣ ከዚያ እሳቱን ወደ ዝቅተኛ አውርደሽ ኩኪሱን አስገቢ። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው እንፋሎት ተንጠባጥቦ ጨውን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው፣ የጨርቁን ጫፎች ወደ ላይ ቋጥሪያቸው፤ ወደ እሳቱ እንዳይወርዱ። ላዩ አይቀላም፣ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ያ የአበሳሰሉ ጠባይ ነው። በኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን አይሞከር፤ ሙቀቱ ከታች ብቻ ነው፣ መሐሉ ሳይሞቅ ሥሩ ከሰል ይሆናል።

ኦቾሎኒው ራሱ ላይ ያልተነገረ አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ምናልባት እርሱ ነው። ከመፍጨትሽ በፊት ፍሬ በፍሬ ልቀሚው። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ነቀዝ የበላው ሁሉ ይጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም መጋገርም አያጠፋውም። ሲቀመስ የመረረ ፍሬ ካጋጠመሽ ትፊው። ቅርፊቱ ተፈልፍሎ የሚሸጠውን ሳይሆን ከነቅርፊቱ ያለውን ገዝቶ ቤት መፈልፈል ይሻላል፤ የተሰበረ ፍሬ ቶሎ ይሻግታል።

የተለቀመውን በ165 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ በኦቨን ቁዪው፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጪ። ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልለሽ ብትፈትጊው ገለፈቱ ይለቃል፤ ገለፈቱ ከቀረ ኩኪሱ ይመራል። ለብ እንዳለ ፍጪው። በብሌንደር መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጓጎላል፣ ከዚያ ሳህኑ ዙሪያ ይንከባለላል፣ በመጨረሻ ይቀልጣል። ለኩኪስ የሚያስፈልገው በማንኪያ ሲነሳ በወፍራሙ የሚወርደው ነው፤ እንደ ማር እስኪፈስ ከፈጨሽው ዘይቱ ሁሉ ተለቋልና እንደገና ይነጠፋል።

የሃይፋ ሰሊጥ

ኦቾሎኒ ለማይስማማው በጥሂና (እስኪልም በተፈጨ ሰሊጥ) ይሠራል፦ ጥሂና 200 ግራም፣ ማር 90 ግራም፣ የአልመንድ ዱቄት 150 ግራም፣ ጨው 3 ግራም፣ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ (እኛ ሃይፋ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ነን፤ አዲስ አበባ ሩብ)። እንቁላል የለውም። ማሩ ሲገባ ጥሂናው ተሸብሽቦ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ተበላሸ ብላችሁ ዘይት አትጨምሩበት፣ የአልመንዱ ዱቄት ሲገባ ይስተካከላል። ማሩ ብዙ ስለሆነ 165 ዲግሪ፣ ከ11 እስከ 12 ደቂቃ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ። ሲጠቁር በአንድ ደቂቃ ነው የሚጠቁረው።

ለፔሳሕ (ለአይሁድ ፋሲካ) የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ በአሽከናዞች (ዘራቸው ከአውሮፓ በሆነ አይሁድ) ልማድ ከኪትኒዮት፣ ማለትም በበዓሉ ከማይበሉት ጥራጥሬና መሰሎቹ፣ የሚቆጠሩባቸው ቤቶች አሉ። በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ያ ልማድ ከጥንትም አልነበረም፤ እንግዳ ካለ ግን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

የሱፍ አበባ ፍሬ ፈጭቶ የሚጋግር ደግሞ ኩኪሱ በማግስቱ ውስጡ አረንጓዴ ቢሆንበት አይደንግጥ፤ ሻጋታ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ ይበላል። ቀለሙን ለማስቀረት ሶዳውን ቀንሶ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ነው።

ጨው በሚዛን

ስለ አቀማመጥ ብቻ ልጨምር፦ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ አይከደን፤ እንፋሎቱ ጨዉን ያቀልጠዋል። ፍሪጅ ውስጥም አይግባ። ክዳኑ ግጥም በሚል ቆርቆሮ፣ በየድርቡ ወረቀት ገብቶበት፣ 7 ቀን ደህና ይቆያል። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ኩኪሱን ሳይሆን ሊጡን ነው ማቆየት ያለበት። ኳስ አድርጎ፣ ጨው ሳይነሰንስ፣ ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር። ከፍሪዘር አውጥቶ 15 ደቂቃ አቆይቶ፣ ተጭኖ፣ ጨው ነስንሶ፣ 2 ደቂቃ ጨምሮ መጋገር ነው።